ድምፁ ዝቅ ያለ ማራገቢያ እንምረጥ

ባስተማርንበት ቀበሌ ንባብ ቤት አንድ ኮምፒዩተር ነበር። በሣጥኑ ውስጥ የሚዞረው ማራገቢያ እንደ ወፍጮ ስለሚጮህ ተማሪው የመምህሩን ቃል መስማት አቃተው። አንድ ቀን «ዝም ብናሰኘው ይሻላል» ብለን የማራገቢያውን ገመድ ነቀልነው። ጩኸቱ ቆመ። ጥቂት ቆይቶ ግን ኮምፒዩተሩ ራሱ ግሎ ጠፋ። ጥፋቱ የኛው ነበር።

ኮምፒዩተር ሲሠራ ይሞቃል። ማራገቢያ ቀዝቃዛውን አየር ከፊት ያስገባል፤ ትኩሱን በኋላ ያስወጣል። ስለዚህ መፍትሔው መንቀል ሳይሆን መምረጥ ነው።

እንዴት እንምረጥ?

1. አስቀድመን ኤሌክትሪኩን አጥፍተን አቧራውን እንጥረግ። አንዳንዱ ጩኸት ከአቧራ ይመጣል። ጩኸቱ ከቀረ መግዛትም አያሻም።

2. ስፋቱን እንይ። ትንሽ ወናፍ ያለው ቀጥቃጭ ቶሎ ቶሎ ይነፋል፤ ትልቅ ወናፍ ያለው ግን ረጋ ብሎ ቢነፋ ይበቃዋል። ማራገቢያም እንዲሁ ነው። ባለ 8 ሳንቲሜትሩ የባለ 12ቱን ያህል አየር እንዲገፋ ከ2 እጥፍ በላይ መፍጠን አለበት። ሲፈጥን ደግሞ ይጮሃል።

3. ቦታውን እንለካ። ባለ 12ቱ ሣጥኑ ላይ ካልገጠመ ገንዘባችን በከንቱ ይቀራል።

4. ፍጥነቱን እናንብብ። ብዙ ጊዜ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚዞር በማሸጊያው ላይ ይጻፋል። ባለ 12ቱ 1000 ገደማ ከሆነ ድምፁ ዝቅተኛ ነው።

እኛም ለክተን፣ አንብበን ባለ 12 ገዛን። ኮምፒዩተሩም ሳይግል ሠራ፤ መምህሩም ተሰማ። ቁጥር ማንበብ የቻለ ሰው በገበያ አይታለልም።

ጥያቄ፦ ትልቁ ማራገቢያ ከትንሹ ይልቅ ጸጥ የሚለው ለምንድን ነው?