ክትባት መተላለፍን ያግዳል ወይስ ይቀንሳል?

ወጣት፦ አባባ፣ ክትባት በሽታ እንዳይተላለፍ ጨርሶ ያግዳል ወይስ መተላለፉን ይቀንሳል?

አዛውንት፦ ልጄ፣ አንድ የሚመስለው ጥያቄ ሦስት ነው። የተከተበ ሰው ይታመማል ወይ? ሳይታመምስ ተሐዋሲው ሰውነቱ ውስጥ ይራባል ወይ? ከተራባስ ወደ ሌላ ሰው ይሻገራል ወይ? አንድ ክትባት ሕመሙን አስቀርቶ መተላለፉን ሳያስቀር ሊቀር ይችላል።

ወጣት፦ ያልታመመ ሰው እንዴት በሽታ ያስተላልፋል?

አዛውንት፦ ፖሊዮን ማየት ይበቃል። ቫይረሱ በአፍ ገብቶ አንጀት ውስጥ ይራባል፤ በሰገራም ይወጣል። ልምሻ የሚያስከትለው ከአንጀት አልፎ ነርቭ ዘንድ ሲደርስ ነው። ጆናስ ሳልክ የሠራውና እ.ኤ.አ. በ1955 ሥራ ላይ የዋለው የመርፌ ክትባት የሞተ ቫይረስ ይዟል። ደም ውስጥ ፀረ እንግዳ አካላት ስለሚያበጅ ወደ ነርቭ የሚወስደውን መንገድ ይዘጋል፤ አንጀት ላይ ግን አቅሙ አነስተኛ ነው። ሕፃናት አፍ ውስጥ የሚንጠባጠበው የአልበርት ሳቢን ክትባት ግን የተዳከመ ሕያው ቫይረስ ነው። አንጀት ውስጥ ተራብቶ መከላከያውን እዚያው ስለሚያበጅ መተላለፍን በመግታት ይበልጣል።

ወጣት፦ ልዩነቱ በተግባር ታይቷል?

አዛውንት፦ እስራኤል ውስጥ ታይቷል። አገሪቱ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በመርፌው ብቻ ትከትብ ነበር፤ ከ100 ሕፃናት ከ90 በላይ የሚሆኑት ተከትበው ነበር። በ2013 ከደቡብ እስራኤል የፍሳሽ ውሃ በተወሰደ ናሙና ላይ የፖሊዮ ቫይረስ ተገኘ፤ ቫይረሱ ከተገኘባቸው ቦታዎች አንዷ ራሃት የተባለችው የቤዱዊን ከተማ ነበረች። ቫይረሱ በተከተቡ ልጆች አንጀት በኩል ለወራት ሲዘዋወር አንድም ልጅ በልምሻ አልተመታም። መንግሥት መተላለፉን ለመግታት ለልጆች ጠብታውን ጨመረ፤ በቀጣዩ ዓመት ቫይረሱ ከፍሳሹ ጠፋ።

ወጣት፦ ታዲያ ጠብታው ብቻ ለምን አይሰጥም?

አዛውንት፦ እሱም የራሱ ጣጣ አለው። የተከተበው ሰው ጥቂት በሆነበት አካባቢ የተዳከመው ቫይረስ ከሰው ወደ ሰው ሲዘዋወር ከቆየ፣ ተለውጦ ልምሻ የማስከተል ኃይሉን መልሶ ሊያገኝ ይችላል። ኢትዮጵያን ጨምሮ ብዙ አገሮች ሁለቱንም አጣምረው የሚሰጡት ለዚህ ነው።

ወጣት፦ የኮሮና ክትባት ያን ያህል ያከራከረውስ ለምንድን ነው?

አዛውንት፦ የሚከራከሩት ሁለት ወገኖች የሚመልሱት ጥያቄ የተለያየ ነበር። ክትባቶቹ ከጽኑ ሕመምና ከሞት በመጠበቅ ውጤታቸው ጎልቶ ታይቷል። በቫይረሱ ከመያዝ የሚሰጡት ጥበቃ ግን በወራት ውስጥ እየሳሳ ሄደ፤ ኦሚክሮን የተባለው የቫይረሱ ዝርያ ሲመጣ ደግሞ ይበልጥ ቀነሰ። አንዱ ስለ ሞት፣ ሌላው ስለ መያዝ ሲናገር መግባባት አይኖርም።

ወጣት፦ መቀነስ ብቻ ከሆነ በሽታ እንዴት ይጠፋል?

አዛውንት፦ መቀነሱ ከተወሰነ ልክ ሲያልፍ ማጥፋት ይሆናል። መከላከያ በሌለው ሕዝብ መካከል አንድ የኩፍኝ ሕመምተኛ በአማካይ ከ12 እስከ 18 ሰው ያሲዛል፤ 15 እንበል። ከ100 ሰው 95ቱ መከላከያ ካላቸው ከ15ቱ የሚያዘው በአማካይ ከአንድ በታች ነው። እያንዳንዱ ሕመምተኛ አንድ ሰው እንኳ ካልተካ ወረርሽኙ ይከስማል። ኢትዮጵያ ውስጥ የኩፍኝ ክትባት በ9 እና በ15 ወር ሁለት ጊዜ የሚሰጠው፣ በመጀመሪያው መከላከያ ያላበጁትን ሁለተኛው እንዲያገኛቸው ነው።

ወጣት፦ በዚህ መንገድ የጠፋ በሽታ አለ?

አዛውንት፦ ፈንጣጣ ጠፍቷል። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ሕመምተኛው እየተፈለገ ቤተሰቡና ጎረቤቱ በቶሎ ይከተብ ስለነበር፣ ቫይረሱ የሚሻገርበት ሰው አጣ። የኢትዮጵያ የመጨረሻው ሕመምተኛ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። በተፈጥሮ መንገድ ተይዞ የታመመው የዓለም የመጨረሻ ሰው ደግሞ በ1977 ሶማሊያ፣ መርካ ውስጥ ተገኘ። በ1980 የዓለም ጤና ድርጅት የፈንጣጣን መጥፋት አወጀ።

ወጣት፦ ይህ ስሌት ለሁሉም በሽታ ይሠራል?

አዛውንት፦ አይሠራም። መንጋጋ ቆልፍ ከአፈርና ከቆሻሻ በቁስል በኩል ይገባል እንጂ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ነፍሰ ጡር ስትከተብ መከላከያው ወደ ፅንሱ ይሻገራል፤ ከዚያ ውጭ ግን ጎረቤት ሁሉ ቢከተብ ያልተከተበው አይድንም። ስለዚህ ስለ ማንኛውም ክትባት ሲነገር አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት፣ በሽታው በምን ይተላለፋል፣ ክትባቱስ መከላከያውን የት ያበጃል የሚለው ነው።