የመጀመሪያው ካርታና የመጀመሪያው ዝናብ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው ከሚሴ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ናት። በቦርከና ሸለቆና በዞኑ ቆላማ ወረዳዎች ማሽላ ከዋና ዋናዎቹ ሰብሎች አንዱ ነው። ለመድረስ ረጅም ጊዜ የሚወስደው ማሽላ በሚያዝያና በግንቦት ዝናብ ተዘርቶ ከተሳካለት የተሻለ ምርት ይሰጣል። ሆኖም የመጀመሪያው ዝናብ ጥሎ ሊጠፋ፣ ቡቃያውም ሊደርቅ ይችላል። ገበሬው በየዓመቱ የሚገጥመው ጥያቄም ይኸው ነው፤ በዚህ ዝናብ ልዝራ ወይስ ልጠብቅ?

በዚህ ጽሑፍ ጥያቄውን በፕሮባቢሊቲ፣ ማለትም በመሆን ዕድል ስሌት፣ እንመለከተዋለን። መንደርደሪያችን የካርታ ጨዋታ ነው። ዓላማችን ቁማርን ማበረታታት አይደለም፤ ካርታን የመረጥነው ብዛቱ የታወቀና ለስሌት የተመቸ በመሆኑ ነው። ፓስካልና ፌርማም በ1654 እ.ኤ.አ. በተለዋወጡት ደብዳቤ ለዚህ የሒሳብ ዘርፍ መሠረት የጣሉት፣ የተቋረጠ ጨዋታ ድርሻ እንዴት ይከፈል በሚል ጥያቄ ተነሥተው ነበር።

ሁለት ካርታ ምን ያህል ይነግረናል?

በስፋት በሚታወቀው የፖከር ዓይነት ተጫዋቹ በመጀመሪያ የሚያየው በእጁ የገቡትን ሁለት ካርታዎች ብቻ ነው። ሁሉም የሚጋሯቸው አምስት ካርታዎች ኋላ በየተራ ይገለጣሉ። ተጫዋቹ ግን እነዚህን ሳያይ ልቀጥል ወይስ ካርታዬን ልጣል ብሎ መወሰን አለበት።

ከ52 ካርታ ሁለቱን ለማውጣት 52×51÷2 = 1326 መንገዶች አሉ። ከእነዚህ መካከል ሁለት አስ የሚወጣባቸው 6 ብቻ ስለሆኑ ዕድሉ ከ221 አንድ ነው። ሁለት አስ ከሁሉ የበለጠ መነሻ ነው፤ ከአንድ ተጋጣሚ ጋር እስከ መጨረሻው ቢዘለቅ ከ100 ጊዜ 85 ያህሉን ያሸንፋል። ዘጠኝ ተጋጣሚዎች እስከ መጨረሻው ቢቆዩ ግን የሚያሸንፈው 31 ያህሉን ብቻ ነው። ካርታው ያው ነው፤ ዋጋው ግን እንደ ሁኔታው ይለዋወጣል።

የማሸነፍ ዕድል ብቻውንም አይበቃም። በመሐል 300 ጠጠር አለ፣ የመጨረሻው መክፈያም 100 ጠጠር ነው እንበል። ያሸነፈ 400 ስለሚወስድ፣ ከአራት አንድ ዕድል ወጪውን በልኩ ይመልሳል። ዕድሉ 30 በመቶ የሆነ ተጫዋች ብዙውን ጊዜ ቢሸነፍም በረጅሙ ያተርፋል፤ 20 በመቶ የሆነው ግን ቢተው ይሻለዋል።

ወደ ማሳው እንመለስ

የዝናብ አጀማመርን ለመለየት በተለምዶ ከሚሠራባቸው መስፈርቶች አንዱ ሁለት ክፍል አለው፤ በሦስት ቀን ውስጥ ቢያንስ 20 ሚሊ ሜትር መዝነቡ፣ ከዚያም በተከታዮቹ 30 ቀናት ረጅም ደረቅ ጊዜ አለመከሰቱ። የመጀመሪያው ክፍል በገበሬው እጅ እንደገቡት ሁለት ካርታዎች ነው፤ ይታያል። ሁለተኛው ግን ገና እንዳልተገለጡት አምስት ካርታዎች ነው። ዕድሉን መገመት የምንችለው ያለፉትን ዓመታት የዝናብ መዝገብ በመቁጠር ነው።

ለምሳሌ ያህል፣ ከ30 ዓመታት በ12ቱ ዝናቡ ቀጥሎ ነበር እንበል፤ ዕድሉ 40 በመቶ ይሆናል። ቀጥሎ የሚሰጡትም አኃዞች ለስሌት ብቻ የተወሰዱ ናቸው። ቀድሞ የተዘራው ማሽላ ቢሳካ 20 ኩንታል ይገኛል፤ ባይሳካ 2 ኩንታል የሚያወጣ ዘርና ድካም ይባክናል። ጠብቆ በክረምቱ ቶሎ የሚደርስ ዝርያ የዘራ ደግሞ 12 ኩንታል ያገኛል።

የመጀመሪያው ገበሬ መጠባበቂያ ዘር አለው። ዝናቡ ቢከዳው በክረምቱ ደግሞ ዘርቶ፣ ኪሳራው ተቀንሶ 10 ኩንታል ይቀርለታል። በአማካይ የሚጠብቀው 0.4×20 + 0.6×10 = 14 ኩንታል ስለሆነ መዝራቱ ያዋጣዋል። ሁለተኛው ገበሬ ግን ያለው ዘር ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚበቃ ነው። የእርሱ ስሌት 0.4×20 − 0.6×2 = 6.8 ኩንታል ስለሚሆን መጠበቁ ይሻለዋል።

ሁለቱም የቆሙት በአንድ ዝናብ ሥር ነው፤ ትክክለኛው ውሳኔ ግን የተለያየ ነው። የመጀመሪያው ዕድሉ ከ20 በመቶ በላይ ከሆነ መዝራት ይችላል፤ ሁለተኛው ግን ዕድሉ ወደ 64 በመቶ እስኪደርስ መጠበቅ አለበት። ስለዚህ ጠብቆ የዘራውን ሰው ፈሪ፣ ቀድሞ የዘራውን ደግሞ ችኩል ብለን ከመፍረዳችን በፊት ጎተራውን ልናይ ይገባል።

ሦስት ማሳሰቢያዎች

አንደኛ፣ አማካይ የብዙ ሙከራዎች ውጤት ነው። ካርታ በአንድ ምሽት ደጋግሞ ይታደላል፤ ገበሬ ግን በዓመት የሚወስነው አንድ ጊዜ ነው፤ አንዱ ክፉ ዓመትም ቤተሰቡን ሊያስርብ ይችላል። አማካዩ ጥሩ ቢሆንም ሁሉን ነገር በአንድ ዝናብ ላይ መጣል አይመከርም።

ሁለተኛ፣ ካርታ ለሁለት አይከፈልም፤ ማሳ ግን ይከፈላል። ከፊሉን ቀድሞ ዘርቶ ከፊሉን ማቆየት ትልቁን ትርፍ ቢቀንስም ትልቁን ጥፋት ይከላከላል።

ሦስተኛ፣ የካርታው ብዛት ሁልጊዜ 52 ነው፤ አየሩ ግን ይለዋወጣል። በ2007 ዓ.ም. በልጉ ሳይሳካ ቀርቶ፣ ክረምቱም በኤልኒኞ ሳቢያ ተዳክሞ በሰሜን ምሥራቅ ኢትዮጵያ ከባድ ድርቅ ደርሷል። ስለዚህ ከመዝገብ የተገኘውን ዕድል በኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት ወቅታዊ ትንበያ ማረም ተገቢ ነው።

ከስሌታችን አንድ ቁም ነገር እናገኛለን። ቶሎ የሚደርሱ የማሽላ ዝርያዎችን ያወጣው የስሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከልም ሆነ ሌሎች ተቋማት የሚያቀርቡት ዘር፣ በሰኔ ከሚሴ መገኘቱ በሚያዝያ የሚደረገውን ውሳኔ ይለውጠዋል። በጎተራ የተቀመጠ ዘር ባይዘራም እንኳ ሥራውን ይሠራል፤ ባለቤቱ በመጀመሪያው ዝናብ ለመጀመር አቅም የሚያገኘው ከእርሱ ነውና።