የባቄላ ቢጫ በሽታ

አርሲ የስንዴና የገብስ አገር ነው። ቢሆንም ባቄላ የሌለበት ቤት ሙሉ አይደለም። ባቄላ ሽሮ ነው፤ ቆሎ ነው፤ ንፍሮ ነው። ለመሬትም ጉልበት ይሰጣል። ዘንድሮ ባቄላ የነበረበት ማሳ ለከርሞ ስንዴ ቢዘሩበት ያምራል። ስለዚህ ባቄላ ሲታመም ቤቱም መሬቱም ይጎዳል።

በሰኔ የተዘራውን ባቄላ በሐምሌና በነሐሴ ዞር ዞር ብላችሁ እዩት። አንዳንዱ ተክል ቀጭጮ ይቀራል። ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል፤ ይወፍራል፤ ወደ ላይ ይጠቀለላል፤ ሲነኩት ቀሽ ብሎ ይሰበራል። እሸት እምብዛም አይዝም። ብዙውን ጊዜም ደርቆ ይሞታል።

ይህን ሲያይ «ውርጭ መታው» የሚል አለ። «ዓይን በላው» የሚልም አለ። ውርጭ ግን ሲመታ ረባዳውን ቦታ በአንድ ሌሊት ይመታል። ውሃ ሲተኛም ቢጫ የሚሆነው ውሃ የተኛበት ቦታ ነው። በጤነኞቹ መካከል አንድ እዚህ፣ አንድ እዚያ ከቀጨጨ ግን ቫይረስ ነው ብላችሁ ጠርጥሩ።

ቫይረስ በዓይን የማይታይ ረቂቅ ነገር ነው። እግር የለው፣ ክንፍ የለው። ታዲያ እንዴት ይዛመታል? ክሽክሽ ናት የምትሸከመው። የታመመውን ተክል ስትመጥ ቫይረሱን ትይዛለች። ሄዳ ጤነኛውን ስትወጋ ታስተላልፍበታለች።

በ1984 ዓ.ም. በመካከለኛው ግብፅ ይህ በሽታ የብዙ ገበሬዎችን ባቄላ ፈጅቷል። በአገራችንም በባቄላ ላይ መኖሩ በምርመራ ታውቋል።

ቫይረስ የያዘውን ተክል የሚያድን መድኃኒት የለም። የሚረጨው መርዝ ክሽክሿን እንጂ ቫይረሱን አይገድልም። ስለዚህ ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

1. ዘር የምታስቀሩት ከጤነኛ ማሳ ይሁን። አንዳንድ የአተርና የምስር ቫይረስ በዘር ይተላለፋል።
2. ባቄላውን አታሳሱት። ክሽክሽ የሳሳ ማሳ ትወዳለች።
3. አረምንና ያለ ቦታው የበቀለ ባቄላን ንቀሉ። በሽታው እዚያ ይቆያል።
4. የታመሙት ጥቂት ሳሉ ነቅላችሁ በጆንያ አውጡና ቅበሩ። የለፉበትን ሰብል መንቀል ልብ ያማል። ግን አሥር ተክል ነቅሎ ማሳውን ማትረፍ ይሻላል።
5. መርዝ ከመርጨታችሁ በፊት የግብርና ባለሙያ አማክሩ። በአበባ ጊዜ ንብ እንዳትጎዱ ተጠንቀቁ።

አንድ ሰው ብቻውን ቢነቅል ዋጋ የለውም። ክሽክሽ የማሳ ድንበር አታውቅም። ጎረቤት ለጎረቤት ይነጋገር፤ አረሙን በደቦ ያጽዳ። የታመመው ከበዛ ለቀበሌው የግብርና ባለሙያ ንገሩ። በአሰላ አጠገብ ያለው የቁሉምሳ የግብርና ምርምር ማዕከልም ስለ ባቄላ ያጠናል።

ጥያቄዎች
ሀ. ውርጭ የመታውንና ቫይረስ የያዘውን ባቄላ በምን ትለያላችሁ?
ለ. ቫይረሱን ከተክል ወደ ተክል የሚወስደው ማን ነው?
ሐ. በእናንተ ማሳ የቀጨጨ ባቄላ ስንት አለ? ነገ ቁጠሩና ለጎረቤታችሁ ንገሩ።