ታቦተ ጽዮን በአዛጦን ያደረችበት ሌሊት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ቅዱሳት መካናትን ተሳልማችሁ ስትመለሱ በአሽዶድ የምታድሩ አላችሁ፤ ኑሯችሁና ሥራችሁ በዚያ የሆነም አላችሁ። መሽቶ በማሪናው የሰው ጫጫታ ጸጥ ሲል፥ የጀልባዎቹ ገመድ ምሰሶውን ሲመታ ብቻ ሲሰማ፥ ይህች ስፍራ በቅዱስ መጽሐፍ አዛጦን የተባለችው እንደ ሆነች አስቡ። የጥንቷ ከተማ ፍርስራሽ ያለበት ጉብታ ከዛሬዋ ከተማ በስተ ደቡብ፥ ከባሕሩ ገባ ብሎ ይገኛል።

ያለ ድምፅ የተፈጸመ ተአምር

ፍልስጥኤማውያን ታቦተ ጽዮንን ማርከው ወደ አዛጦን አመጧት፤ በጣዖታቸው በዳጎን ቤት አኖሯት (1ኛ ሳሙ. 5)። በዚያ ቤት የሚያጥን ካህን፥ የሚዘምር ሌዋዊ እንደ ነበረ መጽሐፍ አይነግረንም። ሲነጋ ግን ዳጎን በታቦቷ ፊት በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። አንሥተው ወደ ስፍራው መለሱት። በማግሥቱም ዳግመኛ ወድቆ፥ ራሱና እጆቹ ተቆርጠው በመድረኩ ላይ ተገኙ።

ልብ በሉ፤ በዚያ ሌሊት ነጐድጓድ ተሰማ፥ ብርሃን ታየ አልተባለም። እግዚአብሔር በሌሊት የሠራውን ሰዎች ያወቁት በማለዳ ነው።

«ምንም አይሰማኝም» ለሚል

ከእናንተ መካከል፦ «አባታችን፥ ሌሊት ተነሥቼ እጸልያለሁ፤ ነገር ግን ልቤ ደረቅ ነው። እግዚአብሔር ትቶኝ ይሆን?» የሚል አለ። ከአገርና ከዘመድ ርቆ ለሚኖር ሰው ይህ ጥያቄ ቀላል አይደለም። መልሱ ግን በአዛጦን ተሰጥቷል። የእግዚአብሔር ህልውና በእኛ ስሜት አይለካም። ዕንባ ቢመጣ ስጦታ ነው፤ ባይመጣም እርሱ ከቤቱ አልወጣም። ይልቅስ በማለዳ የወደቀውን ፈልጉ፤ ትናንት አልለቅ ያለ ቂም ዛሬ ላልቶ፥ አንደበት ከስድብ ታቅቦ፥ ፍርሃት ቀንሶ እንደ ሆነ፥ በዝምታ የሠራ አለ። ዳጎንን አንሥተው እንዳቆሙት ሰዎች ግን የወደቀውን መልሰን እንዳናቆም እንጠንቀቅ።

ድምፁን ማን ይለየዋል?

ታቦቷ ሳትማረክ በሴሎ ሳለች፥ ብላቴናው ሳሙኤል በዚያው ተኝቶ ሳለ በስሙ ተጠራ (1ኛ ሳሙ. 3)። ሦስት ጊዜ የዔሊ ድምፅ መሰለው፤ ነገሩን የለየለትና እንዴት እንዲመልስ ያስተማረው መምህሩ ዔሊ ነው። ስለዚህ በሌሊት አየሁ፥ ሰማሁ የሚል ሁሉ ለንስሐ አባቱ ሳይነግር የራሱን ሐሳብ አይመን። ጸጥታ መልካም ነው፤ ያለ መካሪ ግን ወጥመድም ይሆናል።

በሌሊት እንዴት እንቁም?

ቤተ ክርስቲያናችን በቀን 7 የጸሎት ጊዜያት ሠርታልናለች፤ ከእነዚህም አንዱ ንዋም፥ ሌላው መንፈቀ ሌሊት ነው። አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫም ለምስጋና እንዲሆን ሰዓታትን ደርሶልናል። በገዳም ሰዓታት ሲቆም በዜማ ነው፤ በቤት ግን ለብቻው የሚጸልይ አቅሙን ይመልከት።

ስልካችሁን ከመኝታችሁ አርቁ። ተነሥታችሁ በትእምርተ መስቀል አማትቡ፤ አቡነ ዘበሰማያትን ድገሙ፤ ከመዝሙረ ዳዊት አንዲት ክፍል አንብቡ። ከዚያም ለመናገር ሳትቸኩሉ ጥቂት ቁሙ። ሌሊት በሥራ ላይ ያላችሁም፥ አረጋዊ የምትጠብቁ ወይም በፋብሪካ የምትውሉና የምታድሩ፥ እጃችሁ ሳይቦዝን በልባችሁ «እግዚኦ ተሣሃለነ» በሉ። ያ ሌሊት ከማኅሌት የተለየ ሌሊት አይደለም።

የጃንደረባው ደስታ

አዛጦን በሐዲስ ኪዳንም ተጠርታለች። ፊልጶስ ኢትዮጵያዊውን ጃንደረባ በጋዛ መንገድ ካጠመቀው በኋላ፥ የጌታ መንፈስ ነጠቀው፤ የተገኘውም በአዛጦን ነው (ሐዋ. 8)። ጃንደረባው መምህሩን ዳግመኛ አላየውም፤ ነገር ግን ደስ እያለው ወደ አገሩ መንገዱን ቀጠለ። ከዓይኑ የተሰወረው መምህሩ ነው፤ የተቀበለው ጸጋ ግን ከእርሱ ጋር ሄደ።

እናንተም በአሽዶድ ስታድሩ ይህን አስቡ፤ የማታዩት አምላክ የራቃችሁ አይደለም። አምላካችን የሌሊቱን ጸጥታ የንስሐና የሰላም ጊዜ ያድርግልን፤ ንጋቱንም የምሕረት ንጋት ያድርግልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።