የፊልምና የዲጂታል ካሜራ ክርክር

በፎቶግራፍ መጽሔቶች ላይ ለብዙ ዓመታት ሲያከራክር የኖረ አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «የፊልም ካሜራ ይሻላልን ወይስ ዲጂታል?» የሚል ነው። ጥያቄው በፊዚክስና በኬሚስትሪ ከምንማረው ጋራ የተያያዘ ስለ ሆነ፣ ይህችን አጭር ጽሑፍ ለአንባቢዎች አቀርባለሁ።

የጥቁርና ነጭ ፊልም ገጽ የብር ውሕድ በሆኑ ጥቃቅን ቅንጣቶች የተለበጠ ነው። ብርሃን ሲያርፍባቸው ቅንጣቶቹ ይለወጣሉ፤ ለውጡ ግን ለዓይን አይታይም። ፊልሙ በጨለማ ክፍል በመድኃኒት ሲታጠብ ብርሃን ያገኘው ስፍራ ጥቁር ብር ይሆናል፤ ያላገኘው ታጥቦ ይሄዳል። ይህም ኔጋቲቭ ይባላል።

ዲጂታል ካሜራ በፊልም ፈንታ ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ገጽ አለው፤ ኤሌክትሪኩም ተለክቶ በቁጥር ይመዘገባል። የኮዳክ መሐንዲስ ስቲቨን ሳሶን እ.ኤ.አ. በ1975 የሠራው ዲጂታል ካሜራ 10,000 ነጥቦች ብቻ ነበሩት፤ አንዱን ሥዕል በካሴት ክር ላይ ለመቅዳትም 23 ሰከንድ ይፈጅበት ነበር። ዛሬ የእጅ ስልክ እንኳ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ነጥቦችን በቅጽበት ይይዛል። በፊልም የከበረው ኮዳክ እ.ኤ.አ. በ2012 ኪሳራውን ለፍርድ ቤት አስታወቀ፤ እ.ኤ.አ. በ1937 የተመሠረተው «ፖፑላር ፎቶግራፊ» የተባለው የአሜሪካ መጽሔትም በ2017 በወረቀት መታተሙን አቆመ።

የፊልም ወዳጆች «36 ሥዕል ብቻ የያዘ ሰው አስቦ ያነሣል» ይላሉ። የዲጂታል ወዳጆች ደግሞ «ውጤቱ ወዲያው ይታያል፤ የፊልም ወጪም የለበትም» ሲሉ ይመልሳሉ። ሁለቱም እውነት አላቸው።

እኔ እንደሚመስለኝ ግን ዋናው ጥያቄ የትኛው ለልጅ ልጅ ይተርፋል የሚለው ነው። ኔጋቲቭን ወደ ብርሃን አቅንተው ቢያዩት ያለ መሣሪያ ይታያል፤ ነገር ግን እርጥበትና ሻጋታ ያበላሹታል። ዲጂታል ሥዕል ሺህ ጊዜ ቢገለበጥ ቅጂው ከዋናው አይለይም፤ ነገር ግን የሚያነበው መሣሪያ ከሌለ ሥዕልነቱ ቀርቶ ቁጥር ብቻ ይሆናል።

በቤታችን የአያቴ የሠርግ ፎቶግራፍ በመስተዋት ገብቶ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። የታናሽ እኅቴ የክርስትና ዕለት ሥዕሎች ግን በአባቴ ስልክ ውስጥ ብቻ ይገኛሉ። ስልኩ ቢጠፋ የአያቴ ይቀራል፤ የእኅቴ አብሮ ይጠፋል።

እንግዲህ ወላጆችና ጓደኞቼ ሆይ፤ በፈለጋችሁት ካሜራ አንሡ። ነገር ግን ከሥዕሎቻችሁ መርጣችሁ በወረቀት አሳትሙ፤ በጀርባውም ስምና ዓመተ ምሕረት ጻፉበት፤ የቀረውን በሁለት ልዩ ልዩ ስፍራ ገልብጣችሁ አኑሩ። አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ብለዋልና፣ ሥዕልም የሚወረሰው የሚጠብቀው ሰው ሲያገኝ ነው።