የከተማው ፍግ ወዴት ይሄዳል?



በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ነገር ለአንዳንዶቻችሁ አፍ የማይሞላ ይመስል ይሆናል። ስለ እበት፣ ስለ ፋንድያና ስለ ማዕድ ቤት ጥራጊ ነውና። ነገር ግን በሉቃስ ወንጌል በምዕራፍ 13 የሚገኘውን የበለስ ምሳሌ ያነበበ ሰው፣ የአትክልቱ ሠራተኛ ዛፏ እንዳትቆረጥ የአንድ ዓመት ቀጠሮ የለመነው ዙሪያዋን ቆፍሮ ፍግ ሊያፈስባት እንደ ነበር ያስታውሳል። ስለዚህ ሳናፍር እንቀጥል።

በጉራጌ አገር ኮምፖስት የሚለው ቃል ከመሰማቱ በፊት ሥራው ይታወቅ ነበር። ከብቱ ማታ በጎጆው ውስጥ በአንድ ወገን ይታሰራል። ሲነጋ እበቱና ከእግሩ ሥር የተጎዘጎዘው ሣር አንድ ላይ ተጠርጎ በቅርጫት ወደ ጓሮ ይወጣል፤ ከእንሰቱ ሥርም ይደፋል። እንሰት ቤቱን ከብቦ የሚተከልበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ፍግ ከባድ ነው፣ ሩቅ መንገድ አይሄድም። ከብቱ የእንሰቱን ቅጠል ይበላል፣ እንሰቱ ደግሞ የከብቱን ፍግ ይበላል፤ በመካከል ሰው ቆጮውን፣ ቡላውንና አሚቾውን ያገኛል። ፍጉን በየቀኑ የሚሸከሙት በአብዛኛው እናቶችና ልጃገረዶች ናቸው። ስለ ክትፎና ስለ ቆጮ ስናወራ ይህ ድካም ሲነሣ ብዙ ጊዜ አንሰማም። ዊልያም ሻክ የተባለው አሜሪካዊ የባህል አጥኚ በ1966 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ርእስ ላይ ጉራጌን የእንሰት ባህል ሕዝብ ብሎ ሰይሞታል። እኛ ብንሆን የእንሰትና የፍግ ባህል ሕዝብ ባልነው ነበር።

ይህ ዙር የሚበጠሰው ከተማ ሲደርስ ነው። ወልቂጤ በጅማ መንገድ፣ ቡታጅራ በሆሳዕና መንገድ፣ በመካከላቸው የጉራጌ ተራሮች ተዘርግተዋል። ቡታጅራ ዛሬ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን ከተማ ብትሆንም ቆሻሻዋ ከወልቂጤ ቆሻሻ አይለይም። እስቲ በገበያ ማግሥት በሁለቱም ከተሞች እንዘዋወርና እንመልከት። የጋሪ ፈረሶች በቆሙበት ፋንድያ፣ ከብት በታረደበት ፈርስ፣ ከየምግብ ቤቱ ጀርባ ትርፍራፊ፣ የጎመን ግንድ፣ የሙዝና የድንች ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ ጫት በተሸጠበት ቦታ ሁሉ የገረባ ቁልል አለ። ይህ ሁሉ ወደ ቦይ ይገባል። ክረምት ሲመጣ ቦዩን ይደፍናል፣ በጋ ሲመጣ የዝንብ መፈልፈያ ይሆናል። የሚደንቀው ደግሞ በዚያው ዕለት ወደ ገበያው የመጣው ገበሬ ማዳበሪያ ፍለጋ በየቦታው ሲንከራተት መዋሉ ነው።

በገጠሩም ቢሆን ነገሩ እንደ ቀድሞው አይደለም። የግጦሽ መሬት በጠበበበት ቤት ከብት ያንሳል፤ ከብት ሲያንስ ፍግ ያንሳል፤ ፍግ ሲያንስ እንሰቱ ይቀጥናል። እንሰት ለመድረስ ብዙ ዓመት የሚጠብቅ ተክል ስለሆነ ጉዳቱ ቶሎ አይታይም፤ የሚታወቀው ችግር በመጣ ቀን፣ ጓሮው ባዶ ሆኖ ሲገኝ ነው። የፋብሪካ ማዳበሪያ ደግሞ ከውጭ የሚገዛ ነው። በ2014 ዓ.ም. በዩክሬን ጦርነት ምክንያት በዓለም ገበያ ዋጋው ሲንር፣ ስለ ዩክሬን ሰምቶ የማያውቅ ገበሬ ሳይቀር ዕዳውን ቀምሷል።

የምግብ ትርፍራፊ ዝም ብሎ ቢቆለል ምን ይሆናል የሚል ቢኖር፣ በአዲስ አበባ ቆሼ የሚባለውን ቦታ ያስብ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ለዐሥርት ዓመታት የተከመረው የቆሻሻ ተራራ ተንዶ ከ110 በላይ ወገኖቻችንን ቀብሯል። ከዚህም ሌላ አየር በማይደርስበት ክምር ውስጥ የሚበሰብስ ምግብ ሚቴን የሚባል ጋዝ ይሰጣል፤ ይህም ጋዝ በመቶ ዓመት ሲሰላ ምድርን በማሞቅ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሃያ አምስት እጅ በላይ ይበረታል። አየር ያገኘ ክምር ግን ከሚቴን ይልቅ በብዛት ሙቀት፣ እንፋሎትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ አውጥቶ ጥቁር አፈር ይሆናል። እንግዲህ በመበስበስና በመብሰል መካከል ያለው ትልቁ ልዩነት አየር ነው።

በሌላው ዓለም ይህን ትምህርት የእንስሳት ማቆያዎች ሳይቀሩ ይሠሩበታል። በአሜሪካ በሲያትል ከተማ የሚገኘው ዉድላንድ ፓርክ ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. አንሥቶ የሣር በል እንስሳቱን ፍግ ከጉዝጓዝ ሣርና ከቅጠል ጋር አብስሎ ለከተማው አትክልተኞች ሲሸጥ ቆይቷል፤ ፈላጊው ከመብዛቱ የተነሣ ዕጣ እስከ ማውጣት ተደርሷል። (ለፍግ ዕጣ! የወልቂጤ ሰው ይህን ቢሰማ ምን ይል ይሆን?) የሥጋ በል አውሬ ኩስ ግን ከዚያ ክምር አይገባም፤ በሽታና ጥገኛ ትላትል ይዞ ይገኛልና። ብዙዎቻችን በጉብኝት የምናውቀው፣ በ1948 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የስድስት ኪሎው አንበሳ ግቢ ቢሆንም የአንበሶቹ ኩስ ለጎመን መደብ አይሆንም ማለት ነው። ለእኛ ሰፈር ሲተረጎም፣ የውሻና የድመት ዓይነ ምድር ከክምራችን አይገባም።

አማርኛችን በዚህ ነገር የዋዛ አይደለም። የላሙን እበት፣ የፈረሱንና የአህያውን ፋንድያ፣ የፍየሉንና የበጉን በጠጥ፣ የዶሮውን ኩስ ብሎ ለያይቷል። ደርቆ ለማገዶ ሲሆን ኩበት፣ ለመሬት ሲውል ፍግ ይባላል። መለየቱ ለሥራም ይጠቅማል። እበት እርጥብ ስለሆነ ብቻውን ቢከመር ይጣበቃል፣ አየርም አያሳልፍም። ፋንድያ ልል ነው፣ ቶሎ ይሞቃል። የዶሮ ኩስ ኃይለኛ ስለሆነ ትኩሱን ተክል ላይ የሚደፋ ሰው ተክሉን ያቃጥላል፤ በክምር ውስጥ ግን በጥቂቱ ሲገባ እንደ እርሾ ነው።

አሠራሩን እንመልከት። ክምሩን የሚያበስሉት በዓይን የማይታዩ ነፍሳት ሲሆኑ እነርሱም እንደ እኛ ምግብ፣ ውኃና አየር ይሻሉ። ምግባቸው ለአንድ እጅ ናይትሮጅን ከ25 እስከ 30 እጅ ካርቦን ቢሆን ይስማማቸዋል። ናይትሮጅን በፍግ፣ በትርፍራፊና በለመለመ ሣር ይበዛል፤ ካርቦን በጭድ፣ በደረቅ ቅጠልና በበቆሎ አገዳ። ይህን የሚመዝን ሚዛን በቤታችን ስለሌለ፣ ለአንድ ቅርጫት እርጥብ ነገር ሁለት ቅርጫት ደረቅ ብንል ከልኩ ብዙ አንርቅም። ከሥር አገዳና የተቆራረጠ ገረባ አየር እንዲያስገባ ይነጠፋል። በላዩ ደረቁ፣ ቀጥሎ እርጥቡ፣ ቀጥሎ ፍጉ፣ ከዚያም ስስ አፈርና እፍኝ አመድ፤ እንደገና ከደረቁ መጀመር ነው። ክምሩ ወርዱም ቁመቱም ከአንድ ሜትር ካነሰ ሙቀት አይዝም። ውኃው ብዙ መሆን የለበትም፤ ከክምሩ ጨብጠን ስንጨምቀው እጃችንን አርሶ የማያንጠባጥብ ከሆነ ይበቃዋል። የውኃ ችግር በምታውቀው ወልቂጤ ሳሙና ያልነካው የአትክልት እጣቢ ለዚህ ይሆናል። በመጨረሻ ፀሐይና ዝናብ እንዳይጎዳው በእንሰት ቅጠል ይሸፈናል፤ ይህን ሽፋን በነጻ የሚያገኝ እንደ እኛ አገር ሰው ማን አለ?

ከመካከሉ አንድ ረጅም ዱላ ይሰካል። የክምሩ ሐኪም ዱላው ነው። በአንድ ወላጅ ጓሮ ከሠራነው ክምር በሦስተኛው ቀን ዱላውን ብንመዘው እጃችንን ስላቃጠለን በነጠላ ጫፍ ይዘን ተቀባበልነው። በደኅና ክምር ውስጥ ሙቀቱ ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል፤ ከ55 በላይ ሆኖ ሦስት ቀንና ከዚያ በላይ ሲቆይ አብዛኞቹን የበሽታ ነፍሳትና የአረም ዘር ይገድላል። ዱላው ቀዝቅዞና ደርቆ ከወጣ ውኃ ጠምቶታል፤ እርጥብ ሆኖ የሚከረፋ ከሆነ አየር አጥቷልና በመንሽ ይገላበጥ፣ ደረቅም ይጨመርበት። በየሦስት ሳምንቱ እያገላበጡ ቢጠብቁት ከሦስት እስከ አራት ወር ባለው ጊዜ ፍጉ ከትርፍራፊው አይለይም፤ ሁሉም ዝናብ የነካው የጫካ አፈር ይሸታል።

እዚህ ላይ ጠንከር ብለን የምንናገረው አለ። አጠውልግ የመታው እንሰት ከቶ ወደ ክምሩ እንዳይገባ። ይህን የባክቴሪያ በሽታ ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ በ1968 እ.ኤ.አ. በጽሑፍ ካስታወቁ ወዲህ ብዙ ጓሮ አራቁቷል። ክምራችን መካከሉ ቢሞቅም ዳሩ ቀዝቃዛ ነው፤ በዳር የቀረ አንድ ቁራጭ ከፍጉ ጋር ተመልሶ ጓሮ ቢገባ በአንድ ቀን ቸልታ የብዙ ዓመት ልፋት ይጠፋል። የታመመውን እንሰት የቆረጠ ቢላም በእሳት ሳይለበለብ ጤነኛውን አይንካ። ሥጋና አጥንትም ይቅር፤ ሌሊት ጅብ ይጠራል፣ ጅቡም ክምሩን በትኖልን ይሄዳል። መድኃኒት ተረጭቶበት ይሆናል ብለን የምንጠረጥረው ገረባም እንዲሁ። ፌስታልማ መናገርም አያሻም።

ይህ ነገር በአገራችን በሰፊው ተሞክሯል። በትግራይ በ1996 እ.ኤ.አ. ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና ባለቤታቸው ሱ ኤድዋርድስ ከገበሬዎችና ከግብርና ሠራተኞች ጋር ሆነው ኮምፖስትን በገበሬው ማሳ ላይ አስጀመሩ። በቀጣዮቹ ዓመታት ምርቱ ሲመዘን ለአብዛኞቹ ሰብሎች ምንም ካልተጨመረበት ማሳ እጥፍ ገደማ ሰጠ፤ ከፋብሪካ ማዳበሪያም አላነሰም፣ እንዲያውም በብዙ ቦታ በልጦ ተገኘ። ያ አገር ከእኛ ይልቅ ደረቅ ነው፣ ኩበቱም ለማገዶ ይፈለጋል። ዝናብም እንሰትም ያለን እኛ ምን ምክንያት እናቀርባለን?

አባቶች ስለ ቦታው ያነሡትን አሳብ እንቀበላለን። ፍግ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ መከመሩ አይገባም፤ ክምሩ ከቅጥር ውጭ በፈቃደኛ ወላጅ ጓሮ ይሆናል፣ ወደ ግቢው የሚገባው በስሎ አፈር የሆነው ብቻ ነው። እርሱም ለጽዱ፣ ለወይራውና ለዝግባው ችግኝ ይውላል፤ የተረፈውን ጓሮ ያላቸው እናቶች ይካፈሉታል። የመጀመሪያውን ክምር ከመስቀል በኋላ ባለው ሳምንት ብንጀምር ሣሩ ገና ለምለም ነው፣ መሬቱም አልደረቀም፣ የበዓሉም ትርፍራፊ በየቤቱ አለ። በጥር የበሰለው እስከ ሰኔ ተከላ ጥላ ሥር ተሸፍኖ ይቆያል። መንሽና አካፋ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፤ ከየምግብ ቤቱ ትርፍራፊ የሚለምኑ አራት ልጆችና ከጋሪ ማቆሚያው ፋንድያ የሚያመጡ ሁለት ልጆች ያስፈልጋሉ። ለፋንድያው እስካሁን ማንም ስሙን አላስመዘገበም።