የዱቄት ብናኝና የሠራተኛው አፍንጫ

በእኛ ዘንድ ማስነጠስና የአፍንጫ መታፈን እንደ ሕመም አይቈጠሩም። ሰውዬው «ጉንፋን ይዞኛል» ይላል፤ ሰሚውም «ይማርህ» ብሎ ያልፋል። ጉንፋን ግን በሳምንት ወይም በዐሥር ቀን ይለቃል። ሥራ ሲጀመር እየመጣ በዕረፍት ቀን የሚተው ንፍጥ የሌላ ነገር ምልክት ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ይህን ከሥራ የሚመጣ የአፍንጫ አለርጂ ሲሆን፣ ለምሳሌም የምንበላውን ዳቦ የሚጋግረውን ሰው እንወስዳለን።

ነገሩ የቈየ ነው። ጣሊያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ በ1700 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ስለ ሠራተኞች በሽታ ባሳተመው መጽሐፍ፣ ዱቄት የዳቦ ጋጋሪዎችን አተነፋፈስ እንደሚጐዳ ጽፏል። ደግሞም ሐኪም በሽተኛውን ከሚጠይቃቸው የቀድሞ ጥያቄዎች ላይ አንድ እንዲጨመር አሳሰበ፤ ይኸውም «ሥራህ ምንድን ነው?» የሚለው ነው። «አለርጂ» የሚለውን ስም የቪየናው ሐኪም ክሌመንስ ፎን ፒርኬ በ1906 አወጣው። በ1966 ደግሞ ጃፓናውያኑ ባልና ሚስት ኪሚሺጌና ቴሩኮ ኢሺዛካ የዚህን ሕመም ቍልፍ፣ አይ ጂ ኢ የተባለውን የደም ፕሮቲን፣ አስታወቁ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን መለየት ይገባል። በርበሬ ከሚወቀጥበት ቤት የገባ ሁሉ ያስነጥሳል፤ ይህ የአፍንጫ መቈጣት እንጂ አለርጂ አይደለም። አለርጂ ሰው ይመርጣል፤ ጊዜም ይወስዳል። ጋጋሪው ለወራት ወይም ለዓመታት ያለ ችግር ይሠራል። በዚህ መካከል ሰውነቱ የስንዴውን ፕሮቲን እንደ ጠላት ቈጥሮ አይ ጂ ኢ ያዘጋጃል፤ ይህም በአፍንጫ ሽፋን ውስጥ ባሉ ሴሎች ላይ ተጣብቆ ይጠብቃል። ከዚያ ወዲያ ጥቂት ብናኝ በገባ ቍጥር ሴሎቹ ሂስታሚን የተባለውን ንጥረ ነገር ይለቃሉ፤ አፍንጫ ያሳክካል፣ ይፈሳል፣ ይታፈናል፤ ዐይንም ያለቅሳል። ዳቦው እንዲያምር ወደ ዱቄት የሚጨመረውና ከሻጋታ የሚገኘው አሚሌስ የተባለ ኢንዛይምም እንዲሁ ያደርጋል።

ጋጋሪው ብቻውን አይደለም። የቤተ ሙከራ አይጦችን የሚጠብቁ፣ የላቴክስ ጓንት የሚያጠልቁ ነርሶች፣ እንጨት ሠሪዎችና መኪና ቀለም የሚረጩ ሰዎች ሁሉ በዚህ ሕመም ይያዛሉ። ለአገራችን የቡናው ነገር በተለይ ሊታሰብበት ይገባል። ቡና ሲቈላ አለርጂ የማስነሣት ኃይሉ እጅግ ስለሚቀንስ ጠጪው አይነካም፤ ጥሬውን ከጆንያ የሚገለብጠውና የሚያበጥረው ሠራተኛ ግን ብናኙን ይተነፍሳል።

«ታዲያ ንፍጥ ምን ያደርጋል?» የሚል ይኖራል። ብዙ ጊዜ አፍንጫ ይቀድማል፤ አስም ይከተላል። በአፍንጫው የተያዘ ሠራተኛ በዚያው ብናኝ ውስጥ ሲቈይ ሕመሙ ወደ ሳንባው ሊወርድ ይችላል፤ አስሙም ሥር ከሰደደ በኋላ ሥራውን ቢለቅ እንኳ ላይድን ይችላል። ስለዚህ ማስነጠሱ በጊዜ የተነገረ ማስጠንቀቂያ ነው። ችግሩ ግን ሠራተኛው ሕመሙን ይደብቃል፤ ቢናገር «ለሥራው አትሆንም» ተብሎ እንዳይባረር ይፈራልና። ትንፋሹን ሲያስብ እንጀራው፣ እንጀራውን ሲያስብ ትንፋሹ ይጨንቀዋል።

መድኀኒት ሕመሙን ያስታግሣል እንጂ ምክንያቱን አያጠፋም። ዋናው ነገር ብናኙን መቀነስ ነው።

1ኛ፤ ዱቄትን ከከፍታ አለማፍሰስ፣ ባዶ ጆንያንም አለማራገፍ፤
2ኛ፤ ወለልን በደረቅ መጥረጊያ ከመጥረግ ይልቅ በእርጥብ ጨርቅ መወልወል፤
3ኛ፤ የሊጥ ማቡኪያውን መኪና መክደን፣ ብናኙንም የሚስብ ማራገቢያ ማቆም፤
4ኛ፤ የታመመውን ሳያባርሩ ብናኝ ወደሌለበት ሥራ ማዛወር።

የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛም ይረዳል፤ ነገር ግን እነዚህ ከተደረጉ በኋላ የሚጨመር እንጂ በእነርሱ ፈንታ የሚቆም አይደለም።

እኛ የታሪክና የቋንቋ ተማሪዎች ሐኪሞች አይደለንም። ይሁን እንጂ ከመካከላችን ነገ የሠራተኛ አስተዳዳሪ፣ የጋዜጣ ጸሐፊ ወይም ደንብ አርቃቂ የሚሆኑ አሉ። የራማዚኒ ጥያቄ የሕክምና ዕውቀት አይጠይቅም። የሚያስነጥስ ሠራተኛ ስናገኝ «ይማርህ» ካልን በኋላ፣ ሥራው ምን እንደ ሆነና በዕረፍት ቀኑ ይሻለው እንደ ሆነ እንጠይቀው።